ፍላጻ ፍለጋ ከላህ ወንዝ እስከ ዓባይ ቆላ

ሄጄ እንድመለስ የፈቀደ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ልጆቼና የሰንበቴ እኅቶቼ ደጋግመው ስለ ጠየቁኝ ነው። ከመካከላቸው ወደ ዓባይ ቆላ የወረደ የለም፤ የሚወርድም አይመስለኝም። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ቄስ ነበሩ። ቃል አታባክኚ ይሉኝ ነበርና እንዲሁ አደርጋለሁ።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለው ከተማ ያኔ ወጀት ይባል ነበር። ቤታችን ከዚያ ወጣ ብሎ በላህ ወንዝ አጠገብ ነው። ባሌ አየለ ጠላት ከመግባቱ በፊት ሞቷል። የበኩር ልጄ አለምነህ መሣሪያህን አስረክብ ሲባል ጠመንጃውን ይዞ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ዱር ገባ። ጠመንጃ ይኑራቸው እንጂ መተኮስ አይችሉም ነበር። የጣሊያን ምሽግ ከዱሩ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይርቅም፤ አንድ ጥይት ከጮኸ ጫካው ይከበባል። ስለዚህ ለምግባቸው የሚያድኑት በቀስት ሆነ። እኛ ደገኞች ደግሞ ቀስት አናውቅም።

ቀስቱን ከቀርቀሃ፣ ፍላጻውን ከመቃ ራሳቸው ሠሩት። በቅበላ ሰሞን አለምነህ አንድ ድኩላ ከሩቅ ወጋ። ፍላጻው ቀላል ነበርና ከቆዳው እምብዛም አላለፈም። ድኩላው ፍላጻውን እንደ ተሸከመ ቁልቁል ሮጦ ወታደሮች ውሃ ከሚቀዱበት ምንጭ አጠገብ ወደቀ። በማግስቱ ወታደሮቹ የሁለት ጎረቤቶቻችንን ቤት አቃጠሉ። ልጆቹም ገደል ውስጥ ሦስት ቀን ያለ ውሃ ተደበቁ። ጾሙ ሲገባ ማደኑ ቀረ። ለፋሲካ ግን መውጣታቸው የማይቀር ነው፤ ስንቅ የምናቀብልበት መንገድ ተዘግቷልና። ሌላ ድኩላ እንደዚያው ቢያመልጣቸው አራቱም እንደሚያልቁ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አለምነህ በሰው ላከብኝ። አባቱ በቆላ ወዳጅ ነበረው፤ ከዚያ ሰው ፍላጻ ይምጣልኝ፣ ቀላል ይሁን፣ ከሩቅ የሚደርስ ይሁን አለ። የምንልከው ወንድ አልነበረም። ወንድ መንገድ ላይ ከታየ ይያዛል። ጥጥ ልትገዛ የምትወርድን ሴት ግን ማንም ነገሬ አይላትም። እኔው ተነሣሁ።

ሰኞ። የደብረ ዘይት እሑድ ባለፈ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ወጣን። አብራኝ የሄደችው ጎረቤቴ የሻረግ ናት፤ አህያዋም የእሷ ናት። የሻረግ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ከኔ በዕድሜ አነስ የምትል ሴት ናት። እኔ ዝም ስል እሷ የሁለታችንንም ድርሻ ታወራለች። ለመለወጫ ጨውና በርበሬ ጫንን። ከአለምነህ ፍላጻዎች ብረቱ የወለቀ አንዱን ለናሙና ከእንዝርቶቼ ጋር አስሬ ያዝሁ።

መንገዱ እስከ ቡሬ ሜዳ ነው። መሬቱ ከኛው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ቀይነቱ ይበልጣል። ጣሊያን የሚያሠራውን ሰፊ መንገድ ትተን በእርሻ ውስጥ ሄድን። ቡሬ ሳንደርስ የሻረግ የምታውቃቸው አንድ መሪጌታ ዘንድ አደርን። ባለቤታቸው ውሃ አሙቀው እግራችንን በገዛ እጃቸው አጠቡን። እኔ በአገሬ ስንት እንግዳ ተቀብያለሁ፤ እንዲህ እየፈተጉ ያጠብሁት ግን አላስታውስም። የተልባ ፍትፍት አቀረቡልን። መሪጌታው ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን፤ ነገርናቸው።

«በጾም ጥጥ መግዛት መልካም ነው» አሉ። «ለፋሲካ የምታለብሰው ልጅ ያላት እናት አትዘገይም።»

ሌላ አልጠየቁም። እንዳወቁ አወቅሁ።

ማክሰኞ። ቡሬ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። የቆመው ባንዳ ያገራችን ልጅ ነው። ጨዋችንን ፈታትሾ፣ ከበርበሬው ዘግኖ አሳለፈን። የሻረግ ከራቅን በኋላ ዘወር ብላ ያ በርበሬ ዓይኑ ውስጥ እንዲገባ መረቀችው። በከተማው ካሚዮኖች አቧራ እያስነሡ ያልፋሉ። በኛ ዘንድ ቆርቆሮ የለበሰው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው፤ በቡሬ ግን ቆርቆሮ ቤት መቁጠር ጀምሬ ተውሁት።

የፈጣምን ወንዝ ተሻግረን ወደ ሽንዲ ስንወጣ እግሬን እሾህ ወጋኝ። እያነከስሁ ደረስሁ። ያሳደሩን ሴትዮ ደኻ ናቸው፤ እንጀራቸው ማሽላ የበዛበት ነው፣ ሽሯቸው ቀጭን ነው። ነገር ግን ወረንጦ ይዘው ከደጃፉ ብርሃን ላይ አስቀመጡኝና እሾሁን እስኪያወጡ ራታቸውን ረሱ። ሲወጣ እንደ መርፌ ቁራጭ ነበር። ስማቸውን ጠይቄ በጸሎቴ ይዤአቸዋለሁ።

ረቡዕ። ቁልቁለቱን ወረድን። በኛ አገር ጠዋት ጋቢ ያስፈልጋል፤ እዚያ ግን ፀሐይ ገና ሳትወጣ ልብስ ይከብዳል። ሽመል የሚሉት የቆላ ቀርቀሃ እንደ ገብስ ማሳ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ነፋስ የለም። የሻረግ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ተቀመጠች።

«እቴ፣ ሲኦል ከዚህ የባሰ ከሆነ ንስሐዬን ዛሬውኑ ነው የምገባ» አለች።

«ቄስ የለም» አልኋት።

«ለአህያዋ እናገራለሁ። እሷ እንኳ አታወራብኝም።»

ከሰዓት በኋላ ጉሙዞች ወደሚኖሩበት መንደር ደረስን። ልጆች እኛን ሲያዩ ጥለው ሸሹ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ልጽፈውም ይገባል። ከደጋችን ወደዚያ የሚወርደው ሁሉ ጨው ይዞ የሚወርድ አልነበረም። ሰው ሊፈነግል፣ ልጅ ከእናቱ ሊነጥቅ የሚወርድም ነበር። ልጆቹ የቱ ዓይነት እንደሆንን በምን ይወቁ? አፍሬ ባለሁበት ቆምሁ።

የአየለ ወዳጅ ባንታ ይባላሉ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የገበያ አማርኛ ያውቃሉ። እኔ እርስዎ ስላቸው የሻረግ ገርሟት አየችኝ፤ በደጋ ጉሙዝን እንዲያ የሚል የለም። በቤታቸው እንግዳ ሆኜ፣ በዕድሜ አባቴን የሚሆኑትን ሰው ሌላ ምን ልበል? የአየለ ሚስት ነኝ ስላቸው ከኋላዬ ተመለከቱ።

«አየለስ?» አሉ።

መሞቱን ነገርኋቸው። መሬት ላይ ተቀመጡና ራሳቸውን ያዙ። ልቅሶ የደረሱኝ መሰለኝ፤ እኔም ተቀመጥሁ።

ባለቤታቸው የደረቀ የአውሬ ሥጋ አቀረቡልን። እንዳልነካነው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ የናቅናቸው መስሏቸዋል። ባንታ በቋንቋቸው ነገሯቸው፤ አየለም በጾም ሲመጣ እንደዚሁ ያደርግ ነበር። ሴትዮዋ ሥጋውን አንሥተው የማሽላ ገንፎ በሰሊጥ ሠሩልን። የኛ ገንፎ ቅቤ ይፈልጋል፤ ያ ግን ምንም አልጎደለውም። ቤቱን ለእኛ ለቀው እነሱ ከደጅ ተኙ።

ሐሙስ። የመጣሁበትን ነገር ተናገርሁ። የልጄን ፍላጻ ባንታ በአንድ ጣታቸው ላይ አጋድመው ሚዛኑን አዩት። ከዚያ ሳቁ። ይህ ለቆቅ ነው አሉ። ልጄ ያዘዘው ቀላል፣ ከሩቅ የሚደርስ መሆኑን ስነግራቸው መሳቁን ተዉ። ሁለት ዓይነት ፍላጻ አመጡ። አንደኛው መቃ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ያለም አይመስል። ሁለተኛው ከፊቱ ጠንካራ እንጨት የተቀጠለበት፣ ብረቱም ረዘም ያለ ነው፤ እንደ ዘነዘና ወደ ፊት ይደፋል።

የተጠቀለለ የበሬ ቆዳ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠሉና ራቅ ብለው ቆሙ። ቀላሉን ወረወሩት። ዓይን ሳይከተለው ደረሰ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። እኔም ልጄ እውነቱን ነው አልሁ በልቤ። ቀጥለው ከባዱን ወረወሩ። ሲሄድ ይታያል፤ በመጀመሪያው ውርወራ ዝቅ ብሎ መሬት ነካ። ቀረብ ብለው ደገሙት። ወደ ቆዳው ስንሄድ ቀላሉ አንድ ጣት ያህል ገብቷል። ከባዱ ጥቅሉን በስቶ ብረቱ በወዲያ በኩል ወጥቷል።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስተዋልሁት። እንዲደግሙልኝ ለመንሁና ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ቀላሉ ሲወጣ ገመዱ ጮኸ። ከባዱ ሲወጣ ግን ድፍን ያለ ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው። ይህን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥጥ በደጋን ስነድፍ ኖሬአለሁ። የደጋን ገመድ ጥጥ ሳይዝ ቢመቱት ጎረቤት ድረስ ይሰማል፤ ወፍራም ጥጥ ሲይዝ ጉልበቱ ወደ ጥጡ ይገባና ድምፁ ይሞታል። በጥጥ ነገር የተማርሁትን ነገርኋቸው። ባንታ ደስ አላቸውና ለባለቤታቸው ተርጉመው ነገሯቸው። እንደሱ ነው አሉኝ፤ ገመዱ ጉልበቱን ለፍላጻው ካልሰጠ ለጩኸት ይሰጠዋል፤ ድኩላ ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ ፍላጻው ሳይደርስ ይዘላል።

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ከባዱ ሩቅ አይሄድም። ዐሥራ አምስት እርምጃ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። መቅረብ ይፈልጋል፣ መጠበቅ ይፈልጋል። ልጅሽ ይጠብቃል?»

አለምነህ ችኩል ነው። ወተት እስኪፈላ የማይጠብቅ፣ ማሽላው እሸት ሳለ የሚቀጥፍ ልጅ ነበር። የሩቁን ፍላጻ የፈለገውም ለዚሁ ነው። የማይችለውን መሣሪያ ብወስድለት በረኃብ ገደልሁት ማለት ነው። የፈለገውን ብወስድለት ደግሞ ምንጩ ዳር የወደቀው ድኩላ ይደገማል።

«አይጠብቅም ነበር» አልሁ። «አሁን ግን ሁለት ዓመት ዱር ውስጥ ተቀምጧል።»

«እንግዲያው ከባዱን ውሰጂለት» አሉ። «ካልቀረበ ይራባል። ከተራበ ይቀርባል።»

የሻረግ ከሁለቱም ይሁን አለች፤ ግማሽ ቀላል፣ ግማሽ ከባድ። ባንታ እሺ ሊሉ ነበር። እኔ እንቢ አልሁ። ሁለቱም በእጁ ካሉ ቀላሉን እንደሚያነሣ አውቃለሁ፤ የወለድሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ከባድ ፍላጻ ወሰድሁ። ባንታ እያንዳንዱን በጣታቸው መዝነው እኩል የሆነውን ብቻ መረጡልኝ። የጨዋችንን ግማሽ መለሱልን፤ የአየለ ወዳጅነት ነው አሉ።

በበርበሬው ከመንደሩ የለወጥነውን ጥጥ በሰሌን ሁለት ቦታ ጠቅልለን፣ ፍላጻዎቹን ስድስት ስድስት አድርገን ከመካከሉ ከተትን። ባንታ አንዱን ጥቅል ብድግ አድርገው ሲመዝኑት ግንባራቸው ተቋጠረ። ጥጥ እንዲህ አይከብድም። ቀላሉን ብወስድ ኖሮ ማንም አይነቃም ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ያስፈራኝ ነገር ያኔ ተጀመረ።

ዓርብ። አቀበቱ ከቁልቁለቱ ከፋ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለም። ሽንዲ እሾሁን ካወጡልኝ ሴትዮ ዘንድ አደርን፤ ከጥጡ ላይ ለፈትል የሚሆን ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ። ፈጣም ደረስን። ስንወርድ ዝም ብላ የተሻገረችው አህያ ከነጭነቷ ወንዙ መካከል ተኛች። የሻረግ ጎተተች፣ መታች፣ ለመነች፣ የአህያዋን እናት ሰደበች። አህያዋ ዓይኗን ጨፍና ውሃው ይፈስባታል። ተነሥታ ስትወጣ ሁለቱም ጥቅሎች እስከ ውስጣቸው ርሰው ነበር። እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ጥጡ ይበላሽ፤ እንጨቱ ተጣሞ ቢቀርስ? ያ ሁሉ መንገድ በአህያ ጥጋብ ጠፋ ብዬ ነው።

ቡሬ ኬላ ላይ ያው ባንዳ ቆሟል። ጥቅሉን አቅፎ ሊያነሣ ሞከረና ለቀቀው።

«እማማ፣ ይህ ጥጥ ነው ወይስ ድንጋይ?»

ልመልስ አፌን ከፈትሁ። የሻረግ ግን ቀድማኝ ነበር።

«ውሃ ነው፣ ልጄ። ይቺ መዓት አህያ ፈጣም ውስጥ ተኝታብን ግማሽ ወንዝ ጭነን መጣን። ከፈለግህ ፍታውና ጭመቅልን፤ እኛ ክንዳችን ዝሏል።»

ከጥቅሉ የወረደው ውሃ ሱሪውን ከጉልበቱ በታች አርሶታል። ሱሪውን አየ፣ አህያዋን አየ፣ ሂዱ ከፊቴ አለን። ከተማውን እስክናልፍ ውዳሴ ማርያምን በልቤ እደግም ነበር፤ የትኛው ላይ እንደ ደረስሁ ግን አላውቅም። መሪጌታው ቤት ገብተን አደርን።

በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ እኔ ዝም ብዬ የሻረግ እውነቱን በከፊል መናገሯ ውሸት ይሆንብኝ እንደሆነ። ሳቁና «አህያዋ ትናዘዝ» አሉ። እንዲያም ሆኖ ዐርባ ስግደት አልቀረልኝም።

እሑድ። ገብር ኄር ነበር። በሰንበት አልተጓዝንም። ቅዳሴ አስቀደስን። የመሪጌታው ባለቤት ጥጡን ጓዳ ውስጥ አሰጡት፤ ፍላጻዎቹንም አንድ ቃል ሳይናገሩ ከጣሪያው ማገር ላይ አጋደሟቸው። ባንታ እንጨቱን ሞራ አጠጥተውት ኖሯል፤ አንዱም አልተጣመመም።

ሰኞ። ጥጡ ደርቆ፣ ጭነቱም ቀሎ ቤቴ ገባሁ። ፍላጻዎቹን እንጨት ለቀማ የወጣሁ መስዬ በታወቀው ቦታ አስቀመጥኋቸው። ዐሥራ አምስት እርምጃ፣ ጠብቅ፣ ቅረብ የሚለውን መልእክትም ላክሁ። አለምነህ የመለሰልኝ ይህን ነው፦ ፍላጻ ብላት የድንኳን ካስማ ላከችልኝ። ከጓደኞቹም አንዱ ይህ ለድኩላ ሳይሆን ለዝሆን ነው ብሏል። አልመለስሁለትም። እየተሳደቡም ቢሆን በሣር ነዶ ላይ ሲለማመዱ እንደ ሰነበቱ በኋላ ሰማሁ።

ጉዞው በዚህ አበቃ፤ ፍርዱ ግን ገና ነበር። ፋሲካ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮው ቀረበ፤ አልዋጥ አለኝ። ደጄ ላይ ተቀምጬ ወደ ዱሩ ስሰማ ዋልሁ። የውሻ ጩኸት ይመጣል፣ የምሽጉ ጡሩንባ ይመጣል እያልሁ። ቀትር ሆነ። ወታደሮቹ እንደ ወትሯቸው ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ቀድተው ተመለሱ። ፀሐይ ጠለቀች። ምንም አልተሰማም። አድነው ይሁን ወይም ተርበው ተኝተው ይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረም።

ማክሰኞ እንጨት ልለቅም ወጣሁ። አለምነህ ራሱ ከቁጥቋጦው ወጣ። ጉንጩ ቅባት አለው። ከፊቴ ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመኝና ሳልጠይቀው ተናገረ።

«ገመዱን ሁለት ጊዜ ስቤ ሁለት ጊዜ መለስሁት፣ እማዬ። ድኩላው ሩቅ ነበር። በሦስተኛው ዐሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመ፤ ሽፋሽፍቱን አየሁት።»

ድኩላው ምንም እንዳልነካው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ተንበረከከ። ከአለምነህ ኋላ አድፍጦ የነበረው፣ ፍላጻው የዝሆን ነው ያለው ጓደኛው፣ መቼ ነው የምትወረውረው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው፤ ከገመዱ ምንም አልሰማም ነበርና። አራቱም ሦስት ቀን በሉ፤ የተረፈውንም አደረቁ። ከዚያ በኋላ ነፃነት እስኪመለስ ድረስ በዚያው ዱር በእነዚያ ፍላጻዎች ኖሩ። ዛሬ አለምነህ የልጆች አባት ነው።

ያን ማክሰኞ እንጨቱን ሳልለቅም ተመለስሁ። ቤት ስገባ የሻረግ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ከፋሲካው የተረፈውን ዶሮ ወጥ አቅርቤ በእንጀራ እበላ ጀመር። አልቆ ሌላ ጨመርሁ። እንደገና ጨመርሁ።

«ምን አገኘሽ?» አለች የሻረግ።

አፌ ሞልቶ ነበርና ጠቅልዬ አጎረስኋት።